በዊንተር ቢችን መለየት፦ ቅጠሉ፣ ቅርፊቱ ወይስ እንቡጡ? (ልጆች ይዞ ጫካ ለሚወጣ ሰው)

ባለፈው ጃንዋሪ በወላጆች ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ "ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ቢች ልናይ ነው፣ ወፍራም ጃኬት አልብሷቸው" ብዬ ፃፍኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዷ እናት "ውይ በዚህ ብርድ ቢች ምን ልትሰሩ?" አለች፣ አንዱ አባት ደግሞ "የዋና ልብስ ልያዝለት ወይስ እዛው ይሰጣል?" ብሎ ቀለደብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባህር ዳርቻውም ቢች ዛፉም ቢች፣ በኛ ፊደል ሲፃፍ አንድ ናቸው። ዛፉ አገራችን ስለማይበቅል ደግሞ እንደ ዋንዛ እንደ ዝግባ የራሱ የአማርኛ ስም የለውም፣ ስለዚህ ቢች እያልኩ እቀጥላለሁ፣ አሸዋ የለውም በቃ።

ሌላም ልብ በሉልኝ፣ ዊንተር የምለው ሆን ብዬ ነው። ክረምት ካልኩ እናቴ ትዝ የሚላት ሐምሌና ዝናብ ነው፣ ጫካው በጣም አረንጓዴ የሚሆንበት ጊዜ። እኔ የማወራው ስለ ዲሴምበር፣ ጃንዋሪ፣ ፌብሯሪ ነው፣ እዚህ ዲሲ ሜሪላንድ ቨርጂኒያ አካባቢ ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሞ ሁሉም አንድ የሚመስልበት ጊዜ ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ የሚማሩበት ቦታ በጎ ፈቃደኛ ነኝ፣ ከትምህርቱ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ስላይጎ ክሪክ ወደሚባለው ወንዝ ዳር ጫካ ይዣቸው እወጣለሁ፣ የምፅፈው ሁሉ ከዛ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ለምን ቢች? ሰዎች በዊንተር ለልጅ የትኛውን ዛፍ ላስተምር ሲሉኝ አማራጩ ብዙ አይደለም። ሲካሞር አለ፣ ነጭ ግንዱ ከመኪና ውስጥ ሆናችሁም ይታያል፣ በጣም ቀላል ነው፣ ችግሩ በጣም ቀላል መሆኑ ነው፣ ልጁ "ነጩ ሲካሞር ነው" ካለ በኋላ የሚጠይቀው ነገር አይኖረውም፣ እንቡጡን ላሳየው ብትሉ ደግሞ ቅርንጫፉ ሰማይ ላይ ነው። ኦክ አለ፣ ግን ኦክ አንድ ዛፍ አይደለም፣ ነጭ ኦክ ቀይ ኦክ ምናምን እያለ አይነቱ ብዙ ነው፣ በዊንተር እነሱን መለየት ትልልቆቹንም ያደክማል። ሜፕል ጥሩ ነው ግን ሁለተኛ ቢሆን ይሻላል። ቢች ግን ትንንሾቹ ልጆቹ (የዛፉን ማለቴ ነው) በጥላ ስር በየቦታው ስለሚበቅሉ ቅጠሉም ቅርፊቱም እንቡጡም ልክ የስድስት ዓመት ልጅ አይን ፊት ይገኛል፣ ሦስት የተለያየ ምልክት አለው፣ አንዱ ሲያታልላችሁ ሌላው ያርማችኋል።

እኔ ምስክር እላቸዋለሁ። ደንባችን ቀላል ነው፣ ከሦስቱ ምስክር ቢያንስ ሁለቱ ካልተስማሙ ቢች ነው ተብሎ አይፈረድም። አሁን ሦስቱን ላወዳድር፣ ቀድሜ ግን አቋሜን ልናገር፣ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እንቡጡን ነው የምመርጠው፣ ምንም እንኳ ልጆቹ መጀመሪያ የሚወዱት ቅርፊቱን ቢሆንም።

ቅጠሉ

ከሩቅ የሚጣራው እሱ ነው። ጫካው ግራጫ ሆኖ ሳለ እዚህም እዚያም ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ያሉ ዛፎች የደረቀ ቅጠላቸውን እንደያዙ ታያላችሁ፣ ቀለሙ ወተት የበዛበት ማኪያቶ፣ ዊንተሩ እየገፋ ሲሄድ ደግሞ ወተቱ እየጨመረ ወደ ነጭ ይጠጋል። ነፋስ ሲመጣ እንደ ወረቀት ይንሿሿል። ከስድስት ዓመት በታች ላሉት ከዚህ የተሻለ የለም፣ አይናቸውን አስጨፍኑና "የትኛው ዛፍ ነው የሚያወራው?" በሏቸው፣ እጃቸውን ወደዛ ይጠቁማሉ።

ለምን አይረግፍም ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ ተዘጋጁ። ሌላው ዛፍ በመኸር ጊዜ በቅጠሉ አገዳና በቀንበጡ መሃል የምትቆርጥ ስስ ንጣፍ ይሰራል፣ ቅጠሉ ከዛ ላይ ይለቃል። ቢች (በተለይ ወጣቱ፣ በትልቁም ላይ የታችኛው ቅርንጫፍ) ይሄን ስራ ሳይጨርስ ዊንተር ይገባበታል፣ ቅጠሉ ሞቶም ተንጠልጥሎ እስከ ስፕሪንግ ይቆያል። ባለሙያዎቹ ማርሴሰንስ ይሉታል። ምን ይጠቅመዋል በሚለው ላይ ግን ገና ይከራከራሉ፣ አንዱ ወገን ደረቁ ቅጠል እንቡጡን ከአጋዘን አፍ ይሸፍንለታል ይላል፣ ሌላው ቅጠሉ በስፕሪንግ መርገፉ ልክ ሥሩ ሲርበው መሬቱን እንዲመግብ ነው ይላል። ከኛ ልጆች አንዷ ደግሞ "ብርድ ልብሱን ነው" ብላለች፣ እኔ አልተከራከርኩም።

ድክመቱ ምንድነው? ኦክም እንዲሁ ያደርጋል። ከሩቅ "ቢች!" ብላችሁ ሮጣችሁ ኦክ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስትጠጉ ግን ልዩነቱ ግልፅ ነው፣ የኦክ ቅጠል ብዙውን ጊዜ እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ ወፈር ያለ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ቆዳ ቆዳ ይላል። የቢች ቅጠል አንድ ወጥ ሞላላ ነው፣ ስስ፣ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱት ጅማቶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስላሉ፣ እያንዳንዱ ጅማት ዳር ላይ ደርሶ አንዲት ጥርስ ላይ ያልቃል። የወደቀ አንስታችሁ ቁጠሩ፣ በአንድ ጎን ከ9 እስከ 14 ይሆናል። ይሄ ቁጥር አውሮፓ ላላችሁትም ይጠቅማል፣ የናንተው ቢች (ፋገስ ሲልቫቲካ) ከ5 እስከ 9 ነው ያለው፣ ዳሩም ጥርስ ሳይሆን ሞገድ ሞገድ ያለ ነው፣ የኛው ፋገስ ግራንዲፎሊያ ይባላል። የአሜሪካ ፓርኮች ውስጥ ለጌጥ የተተከለ የአውሮፓ ቢች ስለሚያጋጥም ግራ አትጋቡ።

ሌላው ድክመት፣ ትልቁና ሽማግሌው ቢች ላይ ምንም ቅጠል ላይኖር ይችላል። ቅጠል የለም ማለት ቢች አይደለም ማለት አይደለም።

ቅርፊቱ

የቢች ቅርፊት ለስላሳ፣ ግራጫ፣ የዝሆን እግር ነው በቃ፣ ግንዱ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደግሞ የዝሆን እግር ጣት ሳይቀር ይመስላል። ብዙ ዛፍ ልጅ እያለ ለስላሳ ነው፣ ሲያረጅ ይሰነጠቃል ይሸበሸባል፣ ቢች ግን መቶ ዓመት አልፎትም ቆዳው እንደዛው ነው። የውጪው ሽፋን በጣም ቀጭን ሆኖ ግንዱ ሲወፍር አብሮት እየሰፋ ስለሚሄድ ነው፣ ወፍራም ቅርፊት እየከመረ አይሰነጠቅም። ልጆች ጓንታቸውን አውልቀው ሲነኩት የሚያሰሙትን ድምፅ ብትሰሙ። (ከመንካታቸው በፊት ግን ታች ስለ ፖይዘን አይቪ፣ ስለሚያሳክከው ሐረግ፣ የፃፍኩትን አንብቡ፣ እባካችሁ።)

ያ ልስላሴ ጉዳትም አለው፣ ሰው ሁሉ ስሙን የሚቀርፅበት እሱ ላይ ነው። ትልቅ ቢች አጠገብ ስትደርሱ ልብ፣ ፍላፃ፣ የሰው ስም፣ ዓመተ ምህረት ታገኛላችሁ፣ ቅርፊቱ ስለማይላጥ ቁስሉ አይጠፋም። እኔ ስብከት አልወድም፣ ስለዚህ "አትቅረፁ" ከማለት ይልቅ አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቃቸው፣ ይሄ ከ30 ዓመት በፊት የተቀረፀ ስም ነው፣ ዛፉ ከዛ ወዲህ በጣም አድጓል፣ ታዲያ ስሙ ለምን ወደ ላይ አልወጣም? አንዱ "የቀረፀው ሰው አጭር ነበር" ይላል፣ አንዱ "ወርዶ ነው" ይላል። መልሱ ዛፍ ወደ ላይ የሚያድገው በጫፉ በኩል ብቻ ነው፣ ግንዱ ወደ ጎን ይወፍራል እንጂ አይሳብም፣ ስለዚህ ፊደሉ እዛው ከፍታ ላይ ቆሞ እየሰፋ ይሄዳል። ያረጀ ፅሁፍ ወፍራም ፅሁፍ ነው። ይሄን አንዴ የሰማ ልጅ በየዛፉ እየሄደ ፅሁፉን በእድሜ ያወዳድራል፣ የዛን ቀን ሌላ ፕሮግራም አያስፈልጋችሁም።

እንደ ምስክር ግን ቅርፊት ብቻውን አይታመንም። ይሄን የተማርኩት በውርደት ነው። የመጀመሪያው ዓመት 11 ልጆች ይዤ ወንዙ ዳር ቆሜ አንድ ለስላሳ ግራጫ ዛፍ እያስነካሁ "ቢች ማለት ይሄ ነው" ብዬ አስተማርኩ፣ ሁሉም ደብተራቸው ላይ ሳሉት፣ ቤት ገብቼ ያነሳሁትን ፎቶ አስፍቼ ሳየው እንቡጡ የሩዝ ፍሬ የምታክል ናት፣ የቢች ግን ረጅም ነው። አሜሪካን ሆርንቢም የሚባል ሌላ ዛፍ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ "ያኔ የነገርኳችሁ ውሸት ነው" ማለት ነበረብኝ፣ አንዱ ልጅ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

በዛ ላይ የታመመ ቢች ለስላሳ አይደለም። ከአውሮፓ የመጣች ትንሽ ነፍሳት 1890 አካባቢ በካናዳ ሃሊፋክስ በኩል ወደዚህ አህጉር ገባች፣ ቅርፊቱን ትወጋለች፣ በተወጋበት ፈንገስ ይገባል፣ ቆዳው ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ይሆናል። እና ልጁ "ይሄ ሻካራ ነው ቢች አይደለም" ቢል ተሳስቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ለስላሳ ሁሉ ቢች አይደለም፣ ሻካራ ሁሉም ሌላ አይደለም።

እንቡጡ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው።

እንቡጥ ስል በዊንተር ቀንበጥ ላይ የምትታየዋን፣ የሚቀጥለው ስፕሪንግ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀመጠባትን ነገር ነው። የሌሎቹ ዛፎች እንቡጥ ባብዛኛው ድንቡሽ ያለ አጭር ነው። የቢች ግን ወስፌ ነው። ሰፌድ ሲሰፋ ያያችሁ ወስፌ በትንሹ አድርጋችሁ አስቡት፣ ቀጭን፣ ረጅም (ከ2 ሳንቲ እስከ 2.5 ሳንቲ ይደርሳል)፣ ጫፉ የሾለ፣ ቀለሙ መዳብ የመሰለ ቡናማ። ላዩ ላይ ትንንሽ ሽፋኖች እንደ ዓሳ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበዋል፣ ብዙ ናቸው። ደግሞ ከቀንበጡ ጋር ተጣብቆ አይተኛም፣ ወደ ውጪ ገንጠል ብሎ ይቆማል። ቀንበጡ ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም፣ እንቡጥ ባለበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ታጥፎ ወዲያ ወዲህ ዚግዛግ እያለ ነው የሚሄደው።

ለምን ከሦስቱ ይሄን እንደምመርጥ፦ ቅጠል ሊረግፍ ይችላል፣ ቅርፊት ሊታመም ይችላል፣ እንቡጥ ግን ዊንተሩን ሙሉ በወጣቱም በሽማግሌውም ላይ አለ። ሁለተኛ በጣም የሚመስለው የለም ማለት ይቻላል (አንድ አለ፣ እመጣበታለሁ)። ሦስተኛ ልጅ በጣቱ ጫፍ ነክቶ "አይ ይወጋል!" ካለ አይረሳውም።

አሁን ደግሞ ለኔ የዊንተር ትልቁ ጨዋታ። እንቡጡ በስፕሪንግ ሲፈታ ሽፋኖቹ ይረግፉና በቀንበጡ ዙሪያ ጠባብ ቀለበት ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ይተዋሉ፣ በቢች ላይ በጣም ግልፅ ነው፣ ስስ ክር የተጠመጠመበት ይመስላል። ከጫፉ እንቡጥ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፣ የመጀመሪያው ቀለበት ድረስ ያለው ያለፈው ዓመት እድገት ነው፣ ከዛ እስከሚቀጥለው ቀለበት ካቻምና፣ እንዲህ እያላችሁ ልጁ የተወለደበት ዓመት ድረስ ቁጠሩ። ትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር ያለ ቢች በዓመት ጥቂት ሳንቲ ብቻ ሊጨምር ስለሚችል፣ ከልጁ ክንድ የምታጥር ቅርንጫፍ ከልጁ በእድሜ ትበልጣለች። አንድ የ8 ዓመት ልጅ ቆጥሮ ሲጨርስ "እኔ የተወለድኩት እዚህች ጋ ነው" ብሎ ጣቱን እንዳስቀመጠ ሌሎቹ ሰልፍ ያዙ። ረጅሙ ዓመት የቱ ነው፣ አጭሩስ፣ ያኔ ምን ሆኖ ነው ምናምን እየተባለ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ቅርንጫፉን ሳትቆርጡ እዛው ላይ ነው የምትቆጥሩት እሺ።

ነፋስ የጣለው ቀንበጥ ካገኛችሁ አንዲት እንቡጥ ፈልቅቁ። ውስጡ ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ታጥፎ፣ ሐር የመሰለ ነጭ ጠጉር ለብሶ ታገኙታላችሁ፣ ከመኸር ጀምሮ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። አንድ ይበቃል፣ ከህያው ዛፍ ላይ ግን አትቅጠፉ።

ከሚመሳሰሉት ጋር

ሆርንቢም። ዋናው አታላይ እሱ ነው፣ እኔን ያዋረደኝ። ለስላሳ ነው፣ ግራጫ ነው፣ ግን ግንዱ ክብ አይደለም፣ ቆዳው ስር ጡንቻ ያለ ይመስል ጎበጥ ሰርጎድ ይላል፣ የማራቶን ሯጭ ባት አስቡ። ትንሽ ዛፍ ነው፣ ትልቅ ቢች የሚያህል ሆርንቢም አታገኙም። እንቡጡ አጭር ነው፣ ግማሽ ሳንቲ እንኳ ብዙ ጊዜ አይሞላም። ቦታውም ይናገራል፣ ሆርንቢም ወንዝ ዳር እርጥብ መሬት ይወዳል፣ ቢች ደግሞ ከዛ ትንሽ ከፍ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ይገኛል፣ ስላይጎ ላይም ዲሲ ያለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ላይም ከውሃው ወደ ላይ ስትወጡ ሲቀያየሩ ታያላችሁ። አውሮፓ ያላችሁ የናንተ ሆርንቢም እንቡጡ ከቀንበጡ ጋር ልጥፍ ያለ ነው፣ የቢቹ ወደ ውጪ ይቆማል፣ እሱን ብቻ ብታዩ ይበቃል። ለንደን ከሆናችሁ ኤፒንግ ፎረስት ውስጥ ሁለቱም ስላሉ እዛ ማወዳደር ይቻላል፣ እዛ ያሉት ሽማግሌ ቢቾች ድሮ ለማገዶ እየተቆረጡ ያደጉ ስለሆኑ ቅርፃቸው ራሱ ታሪክ ነው።

ሰርቪስቤሪ። እመጣበታለሁ ያልኩት ይሄ ነው፣ እንቡጡ ረጅምና ሹል ነው፣ በቀላሉ ይሸውዳል። ግን ሽፋኖቹ ጥቂት ናቸው፣ ቀለሙ ወደ ሮዝ ወይ አረንጓዴ ያደላል፣ አንዳንዴ ጠመዝመዝ ይላል። ዛፉ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥር ሁለት ሦስት ግንድ ያወጣል፣ ግራጫ ቅርፊቱ ላይ ቁልቁል የሚወርዱ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት። ደረቅ ቅጠልም አንጠልጥሎ አይጠብቃችሁም። ሁለት ምስክር የሚለው ደንብ የሚያድነው እንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ቀይ ሜፕል ወጣት ሲሆን ቅርፊቱ ለስላሳ ግራጫ ነው፣ አንዳንዴ በጣም። እዚህ ላይ ቅርንጫፉ እንዴት እንደሚወጣ እዩ፣ ሜፕል ሁሌ ጥንድ ጥንድ ነው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ትይዩ፣ እጁን ዘርግቶ እስክስታ እንደሚመታ ሰው። ቢች እንደ እግር ዱካ ነው፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እየተፈራረቀ። የሜፕሉ እንቡጥ ደግሞ ቀይ ድብልብል ነው። ልጆቹን በአካላቸው አሰሯቸው፣ "ሜፕል ሁኑ፣ ቢች ሁኑ" ስትሉ ይሞቃቸዋልም።

ሆሊም ለስላሳ ግራጫ ግንድ አለው፣ ግን ቀና ብላችሁ ካያችሁ እሾሃማ አረንጓዴ ቅጠሉ በዊንተርም አለ፣ አለቀ። ቼሪ ቅርፊቱ ላይ አግድም አግድም የተሰመሩ ሰረዞች አሉት። ቱሊፕ ፖፕላር እንቡጡ የዳክዬ ምንቃር ነው፣ ጫፉ ላይም የአምናው ፍሬ ደርቆ እንደ ሲኒ ቆሞ ይታያል።

እግራችሁ ስርም ተመልከቱ፣ ከምስክር ባይቆጠርም ደጋፊ ማስረጃ ነው። ባለ አራት ክፋይ፣ ሾህ ሾህ ያለው ትንሽ የፍሬ ሽፋን ካገኛችሁ የቢች ነው፣ ውስጡ የነበረው ባለ ሦስት ጠርዝ ፍሬ ስኩረል በልቶት ሊሆን ይችላል። መሬቱ ላይ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ የሚል ደረቅ ቡናማ ጭራሮ ተሰክቶ ካያችሁ እሱ ቢችድሮፕስ የሚባል ተክል ነው፣ አረንጓዴ ነገር የለውም፣ ከቢች ሥር እየጠባ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ እሱ ካለ ቢች ቅርብ ነው። አንዳንድ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ያረረ ስፖንጅ የመሰለ ጥቁር ነገር ተለጥፎ ታያላችሁ። በሰመርና በመኸር ነጭ ጥጥ የለበሱ ነፍሳት ቢች ላይ ተጠግተው ሲጠቡ የሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የበቀለ ፈንገስ ነው። ዛፉን አይገድለውም፣ ለልጆች ግን ታሪኩ በቂ አስቀያሚ ስለሆነ ይወዱታል።

ለማን የቱ?

ከስድስት በታች ላሉት ቅጠልና ቅርፊት፣ ማዳመጥና መንካት፣ አንድ ዛፍ ይበቃል፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ። እንቡጥ አታብዙባቸው፣ ጓንት ማውለቅ ራሱ አንድ ፕሮጀክት ነው። ከ7 እስከ 10 ያሉት የእንቡጥ እድሜ ናቸው፣ ቀለበት ቆጠራው ለነሱ ነው የተፈጠረው። ከዛ በላይ ላሉት ስሙን አትንገሯቸው፣ አንድ ሆርንቢምና አንድ ቢች መሃል አቁማችሁ "ፍረዱ" በሏቸው፣ መከራከሩ ያስተምራል።

ቦታስ? ሰፈር ውስጥ መንገድ ዳር ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ቢች ሥሩ ከመሬቱ ላይ ላይ ስለሆነ የተጠቀጠቀ አፈር አይስማማውም፣ ለመንገድ ዳር ብዙ አይተከልም። ሮክ ክሪክ ፓርክና ስላይጎን ካወዳደርኩ፣ ሮክ ክሪክ (ከ1890 ጀምሮ ፓርክ ነው) ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ የአድባር ግርማ ያላቸው አሉ፣ ኔቸር ሴንተሩ ጋ ሽንት ቤትም አለ፣ ከልጅ ጋር ለሚወጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስላይጎ ለሲልቨር ስፕሪንግና ለታኮማ ፓርክ ሰው ቅርብ ነው፣ አስፋልቱ ለጋሪ ይመቻል፣ የዛፍ ልዩነቱም ከወንዝ ወደ ተዳፋት በአጭር ርቀት ይታያል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስላይጎ፣ ለሁለተኛ ሮክ ክሪክ እላለሁ።

አፕ ወይስ ወረቀት? ሲክ የሚባለው አፕ ለልጆች ጥሩ ነው፣ አካውንት ክፈቱ አይልም፣ ግን የቅርፊት ፎቶ ብቻ ስትሰጡት የመጣለትን ነው የሚገምተው። አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ እንቡጡን መዳፋችሁን ከኋላ አድርጋችሁ ከቅርብ ፎቶ አንሱ። እኔ ግን በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ስዬ አንገታቸው ላይ አንጠለጥላለሁ፣ ወስፌ፣ ዝሆን እግር፣ ማኪያቶ። ስልክ ከወጣ ልጁ ዛፉን አያይም፣ ስልኩን ነው የሚያየው፣ ባትሪውም በብርድ ቶሎ ይሞታል።

አሁን ፖይዘን አይቪ። በዊንተር ቅጠሉ ስለሌለ ሰው የለም ብሎ ያስባል፣ አለ። ግንዱ ላይ የሚወጣ ጠጉራም ገመድ ካያችሁ አትንኩ፣ የሚያሳክከው ዘይት በዊንተርም እዛው ነው። አንድ ቅዳሜ እኔ ራሴ ለልጆቹ የቅርፊት ሙቀት ላሳይ ብዬ ግንዱን አቅፌ ሳምንት ሙሉ ስቧጭር ከርሜያለሁ፣ ስለዚህ ዛፉን ዙሩት፣ ከዛ ንኩት። መዥገርም በዊንተር የለም አትበሉ፣ ሙቀቱ ከዜሮ ሴልሺየስ ከፍ ባለ ቀን ይንቀሳቀሳል፣ ቤት ስትገቡ ካልሲና አንገት ፈትሹ።

ቀንበጥና እንቡጥ ለማስታወሻ ብላችሁ ወደ ቤት አትውሰዱ። ሮክ ክሪክ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ መቅጠፍ አይፈቀድም፣ ከዛ በላይ ግን አንድ በሽታ አለ፣ በ2012 ኦሃዮ ውስጥ የታየ፣ አሁን እኛም አካባቢ የደረሰ። በአይን የማትታይ ትል ዊንተሩን እንቡጡ ውስጥ ሆና ታሳልፋለች፣ በሰመር ቅጠሉን ከስር ወደ ሰማይ ስታዩት በጅማቶቹ መሃል ጠቆር ያለ ሰንበር ታያላችሁ። ከአንዱ ጫካ ያነሳችሁትን እንቡጥ ሌላ ጫካ ጥላችሁ እንዳትመጡ ነው የምለው። ፎቶ አንሱ፣ እዛው ተዉት።

ይሄ ሁሉ የሚሰራው እስከ ማርች መጨረሻ ነው። ኤፕሪል ላይ ወስፌው ማበጥ ይጀምራል፣ የተንጠለጠለው ማኪያቶ ይረግፋል፣ ውስጡ ታጥፎ የከረመው ቅጠል ይዘረጋል። ያኔ ልጆቹን አንዴ መልሳችሁ ውሰዷቸው፣ ቀለበቱን የቆጠሩበትን ቅርንጫፍ ፈልጉት፣ ሽፋኖቹ መሬት ላይ ወድቀው የዘንድሮውን ቀለበት ሲተዉ በአይናቸው ያያሉ።